ትንሹን ጋዜጣ ማንም አላነበበውም

«አንቺ እኮ ጋዜጣው ላይ የበለጠ ታምሪ ነበር» አሉኝ እትዬ ዘውዴ፣ አሌክሳንድሪያ፣ የጋዜጣው በዓል የሚከበርበት አዳራሽ በር ላይ ፊት ለፊቴ ቆመው፣ ጉንጬን እንደ ገበያ ቲማቲም ጫን ጫን እያደረጉ። የዶክተር ኃይሉ ባለቤት ናቸው። ክፋት የለባቸውም፤ አፋቸው ላይ የመጣውን የሚናገሩ ሴት ናቸው፤ እኔም እንደዚያው ስለሆንኩ አልተቀየምኩም። «የትኛው ጋዜጣ ላይ፣ እትዬ?» አልኳቸው። «ትልቁ ላይ ነዋ! እኛ ቤት ሌላ ጋዜጣ ገብቶ ያውቃል እንዴ?» ብለው ሻርፓቸውን አስተካክለው ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ትልቁ ጋዜጣ ላይ ፎቶዬ ወጥቶ አያውቅም። ፎቶዬ የወጣው ትንሹ ላይ ነው፤ የፊት ገጹን ግማሽ ይዞ፣ በቀለም፣ በቬሎ።

ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ የቀለም ሽታ ተቀበለኝ። የዝግጅቱ ሰዎች የድሮዎቹን ጋዜጦች የፊት ገጽ በትልቅ ወረቀት አሳትመው ግድግዳውን ዙሪያውን ለጥፈውታል። አዲስ የታተመ ወረቀት ሽታ፣ ሌላውን ሰው የእናቱ ቤት ሽታ እንደሚያደርገው ነው እኔን የሚያደርገኝ፤ የትም ብሆን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከግሮሰሪው በላይ ያለችው ክፍል ውስጥ ይመልሰኛል።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ጌይተርስበርግ አክስቴ ቤት ገብቼ፣ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት የማልችል፣ የተሰጠኝን ሥራ ሁሉ በየወሩ የምለቅ ልጅ ነበርኩ። አክስቴ ለሠርግና ለክርስትና ምግብ ትሠራ ነበርና የማስታወቂያ ወረቀቷን በኮምፒውተር እኔ ሠራሁላት፤ ግሮሰሪዎቹ በር ላይ ለጠፍነው። ጋዜጣ የሚያዘጋጁት ጋሽ ተካልኝ አንዱ በር ላይ አዩት። አክስቴን ኮል አድርገው «ይሄን ፊደል ማን ነው እንዲህ ያስቀመጠው?» አሏት። «የወንድሜ ልጅ ናት፤ ሥራ ፈት ናት» አለቻቸው። በማግስቱ ሥራ አገኘሁ።

ቢሮው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አውቶቡሶቹ ዞረው በሚቆሙበት ማዕዘን ነው። ደረጃው የበርበሬ ሽታ አለው፤ ታች ያለው ግሮሰሪ ከረጢቶቹን እዚያ ይደረድራልና። ያን ጊዜ በአስር ዶላር በያይነቱ በልተሽ፣ ሻይሽን ጠጥተሽ፣ መልስ ይዘሽ ትወጪ ነበር፤ ዛሬ እዚያው ማዕዘን ላይ በአስር ዶላር ሳላዱን ብቻ ያሳዩሻል። ሴቱ ሁሉ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ ያደርጋል፤ ወንዱ በሐምሌ ሙቀት የቆዳ ጃኬት አያወልቅም። ጋዜጣውን የሚያከፋፍልልን ግርማ የሚባል ባለ ታክሲ ነበር፤ መኪናው ውስጥ አንድ የሠርግ ዘፈን ሲዲ ተጣብቆ አልወጣ ብሎት ዓመቱን ሙሉ ሙሽራ እንደሸኘ ይኖራል። የመንገዱ ሰው ሁሉ ገና ሳያየው በዘፈኑ ያውቀዋል፤ «ግርሽ መጣ፣ ጋዜጣ መጣ» ይላሉ።

ክፍሏ ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኮምፒውተር ነበረ። በግራው ኮምፒውተር ትልቁን ጋዜጣ እሠራለሁ፤ በቀኙ ትንሹን። ሁለቱም ስም ነበራቸው፤ ሰው ግን በስማቸው አይጠራቸውም፤ ትልቁ፣ ትንሹ ነው የሚለው። ትልቁ ሲዘረጋ የሰው ክንድ የማይበቃው፣ ነጭና ጥቁር ብቻ የሆነ፣ ስድስት ዓምድ ያለው፣ ጨዋ ጋዜጣ ነው። ትንሹ የዚያ ግማሽ ነው፤ ቀይ ነው፤ ጯሂ ነው። ሰዉ የማያውቀው፣ እኔና ጋሽ ተካልኝ ብቻ የምናውቀው ነገር፣ ሁለቱም የእሳቸው መሆናቸውን ነው። ለግርማ እንኳ «የትንሹ ባለቤት ኒው ጀርሲ ያለ አንድ ልጅ ነው፤ እኛ ማከፋፈል ብቻ ነው» ብለውታል። ትንሹ ውስጥ የአዘጋጅ ስም ተብሎ የሚታተመው ሰው ተወልዶ አያውቅም።

እንዲያውም ሁለቱ ይሰዳደቡ ነበር። ትልቁ በርዕሰ አንቀጹ «አንዳንድ ኃላፊነት የጎደላቸው የሰፈር ወረቀቶች» ብሎ ይቆጣል፤ ትንሹ በሳምንቱ «ትልቁ ጋዜጣ አንባቢውን እስከ መቼ ያስተኛል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱንም የሚጽፉት ጋሽ ተካልኝ ናቸው፤ አንዳንዴ በአንድ ከሰዓት በኋላ። ለትልቁ ሲጽፉ ከረባት ያስራሉ። እውነቴን ነው፤ ያቺ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያያቸው ሰው ሳይኖር አስረው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነው የሚጽፉት። የትንሹ ተራ ሲደርስ ከረባታቸውን ፈትተው ወንበሩ ጀርባ ላይ ይሰቅሉታል፤ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፤ «በይ ሰብልዬ፣ አሁን ደግሞ እንባልግ» ይላሉ። እኔ ከሳቄ የተነሳ ማውሱን መያዝ ያቅተኛል።

የፊት ገጽ ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ይህንን አልክድም። «ትልቁ መደርደሪያው ላይ ታጥፎ ነው የሚቀመጠው፤ የሚታየው ላይኛው ግማሽ ብቻ ነው» ይሉኛል። «ስለዚህ ላይኛው ግማሽ ላይ የተከበረ ሰው አገጩን ይዞ ሲያስብ አስቀምጪ። ርዕሱ ይርዘም፤ ግሥ አይኑረው። ጥያቄ አይጠይቅ። ትልቁን የሚያነሳ ሰው ማወቅ አይደለም የሚፈልገው፤ ይዞት መታየት ነው።» እኔም «የዳያስፖራው ሚና እና የወደፊት ተግዳሮቶች» የሚል ርዕስ በቀጭን ፊደል አንጠልጥዬ እዘረጋለሁ። ትንሹ ደግሞ አይታጠፍም። ካሽ ሬጅስተሩ አጠገብ፣ ከሎተሪውና ከስልክ ካርዱ ጎን ይቆማል። «እንጀራውን ይዞ የተሰለፈ ሰው ስንት ጊዜ አለው?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሱን ራሳቸው ይሰጡታል፤ «ከፊቱ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዋ ውስጥ ካርዷን ፈልጋ እስክታገኝ ድረስ። ያን ያህል ነው ያለሽ። ሦስት ቃል፣ ቀይ፣ መጨረሻው ላይ ጥያቄ ምልክት። ጥያቄ ምልክት አይከሰስም፣ ልጄ።»

«ባለ ሬስቶራንቱ የት ጠፋ?» ብለን እናወጣለን፤ ውስጥ ገብተሽ ስታነቢው ሰውየው ለእረፍት ፍሎሪዳ ሄዷል። «እንጀራ ሊወደድ ነው?» እንላለን፤ ውስጥ ላይ አንዲት ጋጋሪ አይወደድም ስትል ትገኛለች። ማንንም የጎዳን አይመስለኝም ነበር፤ አሁንም አይመስለኝም። ሰዎቹ ራሳቸው እየሳቁ ኮፒ ይወስዱ ነበር። ግርማ እሽጉን ሊወስድ ሲመጣ ትንሹን እዚያው ቆሞ ይጨርሰዋል፤ ትልቁን በጣቱ ያዝ አድርጎ፣ «ይሄን ለማን ነው የምትሠሩት፣ በናትሽ? መብራት ላይ ቆሜ ርዕሱን አንብቤ ሳልጨርስ አረንጓዴ ይበራል» ይለኛል።

ትልቁ የሚሄደው ወደ አሌክሳንድሪያና ወደ ፌርፋክስ ነበር፤ ዶክተሮቹ፣ ኢንጂነሮቹ፣ ማኅበር ያላቸው ሰዎች ዘንድ። ዋጋው አንድ ዶላር ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ዶላር የሚጨምር ግን አልነበረም። ትንሹ ነጻ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ነው የሚጣለው። እንዲህ ተከፋፍሎ የሚቀር መስሎኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ግርማ አሌክሳንድሪያ ሲያደርስ አብሬው ሄድኩ፤ የአንድ ካፌ መስኮት ውስጥ ዶክተር ኃይሉ ትልቁን ጋዜጣ እንደ መጋረጃ ዘርግተው፣ ቅንድባቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ከሰው ፊት ለፊት ሲታዩ ስለ ተግዳሮቶች የሚያነቡ ነው የሚመስሉት። እኔ ግን ከጎን ነበርኩ። ትልቁ ውስጥ ትንሹ አለ። ቀዩ ጠርዙ ይታየኛል። ምሳቸውን ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲያስመጡ ከእንጀራው ጋር ያስመጡታል ማለት ነው። ለጋሽ ተካልኝ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እኔ መቼ ሁለት ዓይነት አንባቢ አለ አልኩሽ?» አሉኝ። «አንድ ነው አንባቢው። ሰው ሲያየው ትልቁን ያነባል፣ ሰው ሳያየው ትንሹን። እኔ ለሁለቱም ሰዓት ነው የምሠራው።»

እወዳቸው ነበር። አባቴ አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ ብቻ የማውቀው አባት ነው፤ ምሳዬን ያልበላሁ እንደሆነ የሚቆጣኝ ጋሽ ተካልኝ ናቸው። ሮቤል የሚባል፣ ፌርፋክስ የሚኖር፣ ሸሚዙን በደንብ የሚተኩስ ልጅ ሊያገባኝ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የነገርኩት ለእሳቸው ነው። ሽማግሌ ሲላክ አክስቴ ቤት የአባቴን ወንበር የያዙት እሳቸው ናቸው። «አባት ሆኜ የምሸኝሽ እኔ ነኝ» አሉኝ። «ለትልቁ ጋዜጣ መልካም ምኞት ዓምድ ፎቶ አምጪልኝ፤ በቬሎ ይሁን» አሉኝ፤ ከቬሎ ቤት ስለካ የተነሳሁትን ሰጠኋቸው። ቬሎው ትከሻው ላይ ዶቃ ያለው፣ ጭራው ረጅም፣ የተከራየሁት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቁጭ ብዬ አላውቅም፤ ፎቶ አንሺው አትነቃነቂ ስላለኝ።

የሠርጉ ቀን ጠዋት ፀጉር ቤት ተቀምጬ ሮቤል ደወለ። «ሰብልዬ፣ አልችልም» አለኝ። «ምኑን?» አልኩት። ዘጋው። ከዚያ ወዲያ አላነሳም። ሚዜዎቼ አዳራሹ ቀድመው ሄደዋል፤ ለማንም ሳልናገር መንገድ ላይ ታክሲ አስቁሜ ፌርፋክስ አፓርታማው ሄድኩ። ደወልኩ፣ አንኳኳሁ፤ የለም። ከውጭ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ፖስታ የሚያድለው ሰውዬ በአጠገቤ አልፎ «ኮንግራጁሌሽን» አለኝ። በሠፈሩ ሀበሻ አልነበረም፤ ብቻዬን ነበርኩ። ለጋሽ ተካልኝ ደወልኩላቸው። ለአክስቴ አይደለም፤ ለእሳቸው። ወዲያው መጡ። ምንም አልጠየቁኝም። ቡናማ ካፖርታቸውን አውልቀው በቬሎው ላይ አለበሱኝ፤ መኪና ውስጥ አስገቡኝ፤ ነዳጅ ማደያ ቆመው ሻይ ገዙልኝ። ጭራው በሩ ላይ ተይዞ ኖሮ ወርደው በእጃቸው አጣጥፈው አስገቡልኝ። «ደረጃው ላይ መቀመጥሽን ለማንም አትንገሪ» አሉኝ። «አሞኛል ብላ ቀረች እላለሁ። ይሄ በእኔና በአንቺ መሃል ይቀራል።» ለአክስቴም እንኳ አልነገርኳት። አዳራሹ ውስጥ የተጠራው ሰው ምሳውን በልቶ ሄደ፤ ጥሩ ምግብ ነበር አሉ።

ሳምንቱን ከአክስቴ ቤት አልወጣሁም። ሳምንቱ ሲያልቅ አክስቴ «ፀሐይ ይንካሽ» ብላ እንጀራ እንድንገዛ ሲልቨር ስፕሪንግ ወሰደችኝ። ተሰለፍኩ። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዋን ከፍታ ካርዷን ትፈልጋለች። ቀና ስል አየሁት። «ሙሽራው የት ገባ?» ይላል፤ ሦስት ቃል፣ ቀይ፣ በጥያቄ ምልክት። ከሥሩ «ሙሽሪት በቬሎዋ፣ ፌርፋክስ፣ ደረጃ ላይ» ይላል። ከዚያ እኔ አለሁ፤ ትከሻው ላይ ዶቃ ያለው፣ አትነቃነቂ የተባልኩት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ምን እንደሚያስብ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት «ፎቶው ትንሽ ወደ ግራ ሊሳብ ይገባ ነበር» ብዬ ነው። እኔ ሳልኖር የተሠራ የመጀመሪያው የፊት ገጽ ነበርና። ሴትዮዋ ካርዷን አገኘች፤ ተራዬ ደረሰ፤ ሒሳብ የሚቀበለው ልጅ እንጀራውን ከረጢት ውስጥ ሲያስገባ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን ያያል።

አክስቴን እዚያው ትቼ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ጋሽ ተካልኝ ከረባት አስረው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነስተው አቀፉኝ። «አየሽው? አይዞሽ፤ አልተኛሁም፤ ዝም አላልኩም» ብለው ገና ከማተሚያ ቤት የገባውን ትልቁን አንስተው ዘረጉልኝ። ላይኛው ግማሽ ላይ፣ ከመታጠፊያው በላይ፣ ያለ ፎቶ፣ በስማቸው የወጣ ጽሑፍ ነው፤ «የግል ሕይወትን ስለ ማክበር»። ስሜን አይጠራም። ስለ አንዲት ልጅ እንባ ይናገራል፤ የሰውን ገመና ካሽ ሬጅስተር አጠገብ ስለሚያቆሙ ወረቀቶች ይናገራል፤ ቁጣው የእውነት ይመስላል። እስከ ዛሬ እንደዚያ ያማረ ጽሑፍ በአማርኛ ያነበብኩ አይመስለኝም። አንብቤ ሳልጨርስ የእሳቸውን ፊት ሳይ፣ እንዳመሰግናቸው እየጠበቁ ነው።

«ደረጃውን ማን ነገራቸው፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እነማንን?»

«ኒው ጀርሲ ያለውን ልጅ» አልኩ።

ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። «ሰው ያያል፣ ልጄ። ፌርፋክስ ሀበሻ ሞልቶበታል።»

«ፎቶውንስ?»

«ፎቶ ይጠፋል፣ ይገኛል። አንቺ አሁን ተናደሻል። ይሄን አንብቢው፤ ለአንቺ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ በስሜ ነው የወጣው» አሉና ትልቁን አጣጥፈው ብብቴ ሥር አስገቡልኝ። ከሠርጉ በፊት ወንበሩ ጀርባ ላይ የተውኩትን ኮቴን አንስቼ ወጣሁ፤ ተመልሼ አልገባሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የባሰብኝ። ትንሹ በሁለት ሳምንት ተረሳ፤ ጥያቄ ምልክቱ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ትልቁ ግን አልተረሳም። አሌክሳንድሪያ ለቅሶ ብሄድ፣ ፌርፋክስ ክርስትና ብሄድ፣ አንዱ ተነስቶ «ያ ሰውዬ እንደ አባት ነው የተከራከረልሽ» ይለኛል። ጽሑፉን ቆርጠው ፍሪጅ ላይ የለጠፉ ሰዎች አውቃለሁ። «ትንሹን ግን እንዲያው እግዜር ይይለት፤ እኛ አላየነውም፤ ሰው ነው የነገረን» ይላሉ። ሁሉም ሰው ነው የነገራቸው። ማን እንዳነበበው እስካሁን አላገኘሁም። አንዴ አንጀቴ አልችል ብሎ ለአክስቴ ሁለቱም የእሳቸው ናቸው ብዬ ነገርኳት። እጇን አፌ ላይ ነው ያደረገችው። «ተይ፣ ሰብለ፤ ውለታ አትካጂ» አለችኝ። እኔ ከዳተኛ ሆኜ ቀረሁ። ሮቤል እንኳ፣ ሰማሁ፣ ሚኒሶታ ሆኖ ጽሑፉ ጥሩ ነው ብሏል።

አሁን ጌይተርስበርግ የሱቅ ሰሌዳ በሚሠራ ቤት ነው የምሠራው። ያው ትልልቅ ፊደል ነው፤ ልዩነቱ ሰሌዳ የሚዋሸው ስለ ምግቡ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለቱም ጋዜጦች ከቆሙ ቆይቷል። የግሮሰሪው መደርደሪያ ላይ ትልቁ በሚታጠፍበት ቦታ የስልክ ቻርጀር ተሰቅሏል፤ ትንሹ ደግሞ ስልኩ ውስጥ ገብቷል። ሰልፍ ላይ የቆመውን ሰው ትከሻ ተሻግሬ ሳይ ያው ቀይ ፊደል ነው፣ ያው ጥያቄ ምልክት፣ ያው አፉን የከፈተ ሰው ፎቶ። ግርማ ጡረታ ወጥቷል፤ ሲዲው ወጣለት አልወጣለት አላውቅም።

ጋሽ ተካልኝ የደወሉልኝ በቅርቡ ነው። ድምፃቸው አርጅቷል። «ሰብልዬ፣ ጋዜጣው የተመሠረተበትን ዓመት ሊያከብሩልኝ ነው፤ አሌክሳንድሪያ» አሉ። «አንቺ ሳትኖሪ አይሆንም።»

«የትኛውን ጋዜጣ ነው የሚያከብሩት?» አልኳቸው።

«ስለ ሁለቱም እናገራለሁ» አሉ። «ስንት ዓመት ይዤው እኖራለሁ? ሰው በቁሙ መናገር አለበት።»

«ስለ ትንሹም?»

«ስለ ትንሹም። ስላንቺም። ነይልኝ፣ ልጄ።»

ልጄ ሲሉኝ አመንኳቸው። ምን ላድርግ? የሥራ ሺፍቴን ቀይሬ፣ ይህን ሰማያዊ ቀሚስ ገዝቼ፣ ለሠርጌ ልከራይ መጥቼ ካየሁት ወዲህ ረግጬው ወደማላውቀው አዳራሽ መጣሁ። የሠርጌ ምሳ የተበላበት አዳራሽ ነው። መጋረጃው ብቻ ተቀይሯል።

ግድግዳውን ዞሬ አየሁት። ትልቁ፣ ትልቁ፣ ትልቁ። አገጫቸውን የያዙ ሰዎች፣ ቀጫጭን ርዕሶች፤ አብዛኛውን እኔ ነኝ የዘረጋሁት። አንድም ቀይ የለም። መድረኩ አጠገብ፣ ከሁሉም ገዝፎ የታተመ፣ አበባ የተቀመጠለት አንድ ገጽ አለ፤ «የግል ሕይወትን ስለ ማክበር»። ጋሽ ተካልኝ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ከረባት አስረዋል። ሄጄ ጎንበስ ብዬ ሳምኳቸው፤ ጆሯቸው ሥር «ትንሹስ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ዛሬ እንግዳ አለ፣ ልጄ» አሉኝ እጄን ይዘው። «እያንዳንዱ ነገር ቀን አለው።»

«እኔን ታዲያ ለምን ጠሩኝ?»

«አንቺማ ጽሑፉን ታነቢልናለሽ! ካንቺ ወዲያ ማን ያነበዋል?» አሉ፤ እጄን ለቀው ከኋላቸው የመጣ ሰው ሊጨብጡ ዞሩ።

ንግግሩ ረጅም ነበር። አንዱ የጨዋ ጋዜጣ አባት አላቸው፤ ሌላው ከሰፈር ሐሜት የጠበቁን አጥር አላቸው። ዶክተር ኃይሉ ተነስተው «ቤቴ ሌላ ጋዜጣ ገብቶ አያውቅም» ብለው ተቀመጡ። በመጨረሻ ጋሽ ተካልኝ ራሳቸው ማይክሮፎኑን ያዙ። «የጋዜጠኝነት ሕይወቴ ትልቁ ቀን የቱ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ያ ነው» አሉ፣ ወደዚያ አበባ ወዳለበት ገጽ እየጠቆሙ። «አንዲት ልጅ ነበረችኝ። እነሆ፣ እዚህ አለች። የሠርጓ ቀን ሙሽራው ቀረባት። እናቷ ዘንድ አልደወለች፣ አክስቷ ዘንድ አልደወለች፤ እኔ ዘንድ ደወለች። ሄጄ ከደረጃ ላይ ነው ያነሳኋት። በቬሎዋ! ካፖርቴን አለበስኳት። ያን ቀን እዚያ ቦታ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም ሰው አልነበረም። ለእናት እንደማይነገር ምስጢር በልቤ ይዤው ኖርኩ። ያ ነውረኛ ወረቀት ሲያዋርዳት ግን፣ ብዕሬን አነሳሁ!» አሉ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። እትዬ ዘውዴ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ነይ ሰብልዬ፣ አንብቢልን» አሉኝ ጋሽ ተካልኝ።

ወጣሁ። ማይክሮፎኑን ተቀበልኳቸው። ገጹን አየሁት፤ ስድስቱ ዓምድ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ርዕሱን ብቻ አነበብኩ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሬ «ይሄ ጽሑፍ መልስ ነው» አልኩ። «ለምን የተሰጠ መልስ እንደሆነ የሚያስታውስ አለ?» አንዳንዱ ጫማውን አየ። «ሙሽራው የት ገባ?» አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቀይ አድርጌ።

«ሙሽሪት በቬሎዋ፣ ፌርፋክስ፣ ደረጃ ላይ!» አሉ እትዬ ዘውዴ ከሦስተኛው ረድፍ፤ ብለው ሲያበቁ አፋቸውን ያዙ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሳቁ ውስጥ ሌሎችም ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ዶክተር ኃይሉ የሚስታቸውን እጅጌ ጎተቱ።

«ጋሼ» አልኩ፤ ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አቀረብኩላቸው። «ደረጃው ላይ ከእርስዎ ሌላ ያየኝ ሰው ነበር?»

«ማንም አልነበረም አልኩ እኮ፣ ልጄ» አሉ። ፈገግ ብለው ነበር። ፈገግታው ፊታቸው ላይ እንዳለ እጃቸው ወደ ከረባታቸው ሄደ።

እትዬ ዘውዴ እጃቸውን ከአፋቸው አነሱ። «እንዴ!» አሉ፣ ለባላቸው ይሁን ለሁሉም ሳይታወቅ። «ታዲያ ደረጃውን ማን ነገራቸው?»

ማይክሮፎኑን አበባው አጠገብ አስቀመጥኩት። ኮቴን ከወንበሬ ላይ አነሳሁ፤ በመሃለኛው መተላለፊያ አልፌ ወጣሁ።